ድመት ውኃ ሲያንሳት፦ በአዳማ ሙቀት የፈሳሽ እጥረትን ቀድሞ መለየትና መከላከል

ውሻ ሲጠማው ያለከልካል፣ ባዶ ሳህኑን ይልሳል፣ ሰው እግር ሥር ይቆማል። ድመት እንዲህ አታደርግም። ሰውነቷ ውኃ ባነሰው ቁጥር ጸጥ ትላለች፣ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ትተኛለች። የቤት ሰውም «ሙቀቱ ነው፣ ደክሟት ነው» ብሎ ያልፋታል።

ምክንያቱ ከዘሯ ነው። የቤት ድመት የመጣችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህ እንስሳ በደረቅ ምድር የሚኖር፣ የሚያስፈልገውን ውኃ ከሞላ ጎደል ከሚበላው አይጥና ወፍ የሚያገኝ ነው። የአንድ አይጥ ሥጋ ከመቶ 70 ገደማ ውኃ ነው። ስለዚህ የድመት ኩላሊት ሽንትን አጥብቆ በማወፈር ውኃ ይቆጥባል፣ የጥማት ስሜቷም ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ይህ ተፈጥሮ እያደነች ለምትበላ ድመት ትልቅ ሀብት ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጣ ብስኩት፣ ድርቆሽና ደረቅ የድመት ምግብ ለምትበላው ግን ጉዳት ይሆናል፤ ምግቧ ውኃ የለውም፣ ጥማቷም በጊዜ አያስጠነቅቃትም።

አዳማ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ ከዚያም ይብሳል። የከተማዋ ነፋስ የሳህን ውኃ ያተንናል፣ የቀረውን አቧራ ያለብሰዋል።

እዚህ «የፈሳሽ እጥረት» የምንለው ከሰውነት ውኃና ጨዋማ ንጥረ ነገሮች መውጣታቸውን ነው። «ድርቀት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀትን ስለሚያስታውስ አልተጠቀምንበትም፤ ሁለቱ ግን ይዛመዳሉ። ውኃ ያነሳት ድመት ዓይነ ምድሯ ጠጠር ይሆናል።

ስንት ውኃ ያስፈልጋታል?

ጤነኛ ድመት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግማሽ ትንሽ ያነሰ። ይህ ቁጥር የምትጠጣው ብቻ አይደለም፣ ከምግቧ የምታገኘውም ይደመርበታል።

ልዩነቱን እንየው። በቀን 60 ግራም ደረቅ የድመት ምግብ ብትበላ ከዚያ የምታገኘው ውኃ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የቀረውን 194 ሚሊ ሊትር ከሳህን መጠጣት ይኖርባታል። አብዛኞቹ ድመቶች ይህን ያህል አይጠጡም። በአንጻሩ 180 ግራም የተቀቀለ ሳንባና ልብ ብትበላ 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ከምግቡ ታገኛለች። ላዩ ላይ 90 ሚሊ ሊትር መረቅ ቢጨመርበት ሳህኗን ሳትነካ የቀኑ ፍላጎቷ ተሟላ። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ውኃውን ምግቧ ውስጥ ማግባት ነው፤ አብዛኛው የመከላከል ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል።

ጤነኛ ሳለች መመዝገብ ያለበት

የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች ሁሉ የሚነበቡት ከራሷ ከድመቷ የጤና ልክ ጋር ተነጻጽረው ነው። ልኩን የማያውቅ ሰው በታመመች ቀን ቆዳዋን ቢስብ ምን እንዳየ አያውቅም። ስለዚህ ደህና በሆነችበት ሳምንት ለአምስት ቀን የሚከተሉትን አይተው ደብተር ላይ ይጻፉ።

ክብደት። ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ይህ ነው፣ ግን ማንም አይመዝንም። ከሻንጣ ጋር የሚሸጠው ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ ድመቷን ጠንካራ ቦርሳ ውስጥ ጭንቅላቷ እንዲወጣ አድርገው ያንጠልጥሉ፣ ከዚያ የቦርሳውን ክብደት ይቀንሱ። የሰው መመዘኛ ብቻ ካለ መጀመሪያ ይዘዋት፣ ቀጥሎ ብቻዎን ይመዘኑ፤ ነገር ግን ይህ 100 ግራምን በትክክል ላያሳይ ይችላል። የሰፈር ሱቅ ጠፍጣፋ ዲጂታል ሚዛን ከካርቶን ጋር የተሻለ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ቁርሷን ከመብላቷ በፊት ይሁን። ስብ በሁለት ቀን ውስጥ 150 ግራም አይቀንስም። 4 ኪሎ የነበረችው ድመት በሁለት ቀን 3 ኪሎ ከ850 ከሆነች የጠፋው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ 100 ግራም ማለት 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው።

ሽንት። አሸዋ ሳጥን የምትጠቀም ከሆነ በቀን ስንት ቦታ እንደረጠበና የእርጥቡ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ይዩ። ብዙዎቹ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይሸናሉ። ግቢ ወጥታ የምትሸና ድመት ከሆነች ለአምስቱ ቀን አሸዋ የሞላበት ሳጥን ቤት ውስጥ አድርገው ያስለምዷት፤ በሕመም ጊዜ ይህ መለማመዷ በጣም ይጠቅማል።

የምትጠጣው መጠን። እዚህ ላይ አዳማ ውስጥ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ነፋሱ የጠጣውን ድመቷ የጠጣች ይመስለዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ሳህን ይውሰዱ። በሁለቱም 250 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። አንዱን ለድመቷ ይስጡ፣ ሌላውን አጠገቡ አስቀምጠው በሽቦ ቅርጫት ይክደኑት፤ አየር ይግባው፣ ድመቷ ግን አትድረስበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱንም መርፌ በሌለው 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እየቀዱ ይለኩ። ከተከደነው 60፣ ካልተከደነው 110 ጎድሎ ቢያገኙ የጠጣችው 50 ሚሊ ሊትር ነው።

ምልክቶቹና አመረማመራቸው

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ከባድ እውነት አለ። የሰውነቷን ክብደት ከመቶ 5 ያህል በፈሳሽ እስክታጣ ድረስ በዓይንም በእጅም የሚታይ ነገር የለም። ለ4 ኪሎ ድመት ይህ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአንድ ሙሉ ቀን ውኃዋ። ስለዚህ ቆዳዋ ሲዘገይ ካዩ ነገሩ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

የቆዳ ምርመራ። ድመቷ ቆማ ወይም በደረቷ ተኝታ፣ ረጋ ብላ ሳለ፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ፣ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይልቀቁት። በጤንነት ጊዜ ወዲያው፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ይለጠፋል። ከመቶ 5 እስከ 6 ያጣች እንደሆነ ትንሽ ይዘገያል። ከመቶ 7 እስከ 8 ሲደርስ ሲመለስ በግልጽ ያዩታል። ከመቶ 10 በላይ ከሆነ እንደ ድንኳን ቆሞ ይቀራል።

ይህ ምርመራ በሦስት ዓይነት ድመቶች ላይ ያታልላል። ያረጀችና የከሳች ድመት ቆዳዋ የመለጠጥ አቅሙን ስላጣ ደህና ሆናም ይዘገያል። የወፈረች ድመት ከቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ወዲያው ስለሚመልሰው ውኃ አንሷትም ጤነኛ ትመስላለች። በጣም ትንንሽ ግልገሎች ላይም አይታመንም። ለዚህ ነው ብቻውን መወሰኛ የማይሆነው።

ድድ። የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉና በደረቀ ጣት ድዷን ይንኩ። ደህና ከሆነች ሙልጭልጭ ይላል። ውኃ ካነሳት ጣት ላይ ተለጥፎ ይለቃል፣ ሲብስ ደረቅ ይሆናል። ቀጥሎ ድዱን ለአንድ ሰከንድ ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ የነጣው ቦታ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሮዝ መልኩ መመለስ አለበት። መዘግየቱ ደም በደንብ አለመዘዋወሩን ያሳያል። ድዳቸው ጥቁር የሆነ ድመቶች ስላሉ ጥቁረት በሌለበት ነጥብ ላይ ይሞክሩ። ማጥወልወል የያዛት ድመት ለሃጭ ስለምታዝረበርብ ድዷ ርጥብ ሆኖ ሊያሳስት ይችላል።

የመጀመሪያ ጥንቃቄ ስለ እጅዎ። ድመቷ ድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ከሆነ፣ ያለ ምክንያት የምትነክስ ከሆነ፣ ወይም መዋጥ ተስኗት ለሃጭ የምታዝረበርብ ከሆነ እጅዎን ወደ አፏ አያቅርቡ፣ በስሪንጅም አያጠጧት። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፣ ውኃ መዋጥ አለመቻልም አንዱ ምልክቱ ነው። ከነከሰችዎ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ዓይን፣ ጆሮና መዳፍ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከዓይኗ ጥግ ነጭ ስስ ሽፋን ወጥቶ ሲታይ ነገሩ ገፍቷል። ጆሮዋና መዳፏ በሙቀት ቀን ቀዝቅዘው ከተገኙ ሰውነቷ ደሙን ለዋና አካላቷ እየሰበሰበ ስለሆነ ጊዜ የለም። ጤነኛ ድመት በፊንጢጣ ሲለካ ሙቀቷ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው።

አፍ ከፍቶ ማለክለክ። ውሻ ላይ የተለመደ ነው፣ ድመት ላይ ግን አደጋ ነው። ተጫውታ ወይም ፈርታ ሳይሆን ተኝታ እያለች አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት በሙቀት እየተጎዳች ወይም ልቧ፣ ሳንባዋ እየታመመ ሊሆን ስለሚችል ጥላና ነፋስ ወዳለበት አውጥተው፣ መዳፏን፣ ሆዷንና ጆሮዋን ለብ ባለ ውኃ አርጥበው ወዲያው ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ። በረዶ ወይም የፍሪጅ ውኃ አያፍሱባት፤ የቆዳዋን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስቀረዋል።

ውኃው የት ይሄዳል?

ሙቀት ብቻውን ጤነኛ ድመትን እምብዛም አይጥልም። ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ከሌላ ነገር ጋር ይገናኛል፦ ከትውከትና ተቅማጥ፣ ከጥርስና ድድ ሕመም፣ ከኩላሊት ሕመም፣ ከስኳር በሽታ። ክትባት ያላገኙ ግልገሎች ላይ ፓንሉኮፔኒያ የተባለው ቫይረስ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በትውከትና በተቅማጥ ውኃቸውን ጨርሶ ይገድላቸዋል። የሚከላከለው ክትባቱ ነው።

ወተት እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ያደጉ ድመቶች አብዛኞቹ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅማቸው አነስተኛ ነው፤ ወተት ተጠጥቶ በማግሥቱ ተቅማጥ ከመጣ የገባው ፈሳሽ ከነትርፉ ወጣ ማለት ነው። ተቅማጥ የያዛትን ድመት «አቅም ታግኝ» ብሎ ወተት መስጠት ደግ ልብ የሚሠራው ስሕተት ነው።

በረኪናም አለ። ቤት ሲጸዳ ባልዲ ውስጥ የቀረ የመወልወያ ውኃ ብዙ ድመቶችን ይስባል፣ ሽታው ደስ ይላቸዋል። ጠጥተው አፋቸውና ሆዳቸው ይቃጠላል። ወልውለው እንደጨረሱ ይድፉት።

የመረቁ አሠራር

ከሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ሳንባ ከትንሽ ልብ ጋር ይግዙ። ሳንባ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይሆንም፤ ድመት ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፣ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ፣ ልብ ደግሞ በታውሪን ሀብታም ነው።

ሥጋውን አጥበው በአውራ ጣት አንጓ ልክ ይቁረጡ። 1 ሊትር ውኃ ጨምረው ይጣዱ፣ ከፈላ በኋላ በመጠነኛ እሳት 25 ደቂቃ ያብስሉ፣ አረፋውን ይግፈፉ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨውና ቅቤ አይግቡበት። የሽንኩርት ነገር የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ከወጥ ድስት የተጨለፈ መረቅ የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ውኃውን አይድፉት። ታውሪን በውኃ ስለሚሟሟ ሲቀቀል ወደ መረቁ ይወጣል፣ መረቁን መድፋት ውኃውንም ታውሪኑንም መድፋት ነው።

ለ4 ኪሎ ድመት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 60 ግራም ሥጋ ከ30 ሚሊ ሊትር መረቅ ጋር ይስጡ። 30 ሚሊ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። መረቁ ጣትዎን ሲያስገቡ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ደረቅ ምግብ የለመደች ድመት በመጀመሪያው ቀን ርጥብ ሲቀርብላት ልትሸሽ ስለምትችል በአንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ጀምረው በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። በረሃብ ለማስገደድ አይሞክሩ። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሞት ሊያደርሳት ይችላል።

ፍሪጅ ካለ ለሁለት ቀን ይቆያል። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ ሳጥን አቀዝቅዘው አንዱ ጉድጓድ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ በስሪንጅ ይለኩ፣ ከዚያ በኋላ መጠን መገመት አያስፈልግም። መብራት ከሄደና ከቀለጠ እንደገና አያቀዝቅዙት። ሳህን ላይ የቀረበ ርጥብ ምግብ በአዳማ ቀትር ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

የጾም ወራት

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው፤ አዳማ መሞቅ በምትጀምርበት ጊዜ። ቤቱ ሥጋ አይቀቅልም፣ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የድመቷ ድርሻ ሽሮ የነካው ፍርፋሪ፣ ድርቆሽና ብስኩት ይሆናል። የምግቧ ውኃ የሚቀንሰውና ሙቀቱ የሚጨምረው በአንድ ላይ ነው። በፋሲካ ማግሥት ከስታና ፀጉሯ ቆሞ የምትታይ ድመት ብዙ ጊዜ የዚህ ሰለባ ናት።

ድመት ሥጋ ከመብላት ሌላ ምርጫ የላትም፤ ሰውነቷ በጥራጥሬ አይኖርም። በቅበላ ሰሞን ሦስት አራት ኪሎ ሳንባና ልብ ገዝተው፣ ቀቅለው፣ የአንድ ቀን የአንድ ቀን እየከፈሉ ከነመረቁ በፌስታል ያቀዝቅዙ። የጾም ዕቃ እንዳይነካ ለድመቷ አንድ አሮጌ ብረት ድስትና ማንኪያ ለብቻ ይለዩ። የአቀዝቃዛ ቦታ ከሌለ ከተማው ውስጥ በጾም የማይዘጉ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች አሉ፤ የተቀቀለ እንቁላልና እሾሁ ተለቅሞ የተቀቀለ ዓሣም ክፍተቱን ይሞላሉ። ጥሬ ዓሣ አዘውትሮ መስጠት ግን ቢ1 ቫይታሚንን ያጠፋባታል።

ሳህኑ፣ ቦታውና ውኃው

ከሸክላ፣ ከሴራሚክ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጢሟ ጠርዙን የማይነካበት ሰፊ ሳህን ይምረጡ። ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይቧጨራል፣ ሽታ ይይዛል። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፤ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ ከአሸዋ ሳጥኗ ደግሞ በጣም ርቆ። አንዱ የግድ ፀሐይ የማይዞርበት ጥግ ላይ ይሁን። ነፋስ በሚበዛበት ግቢ ሳህኑን ከግድግዳ ተጠግቶ በተጋደመ ጡብ ይከልሉት፤ አቧራ የያዘ ውኃን ብዙ ድመቶች አሽተው ይተዉታል። ጠዋትና ማታ ይደፋል፣ በእጅ ታሽቶ ይታጠባል፣ ይሞላል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን የሚቀዳው ይበቃል፣ ጀሪካኑ ግን አረንጓዴ የሠራ ወይም ዘይት የነበረበት አይሁን። ቧንቧው አዲስ የመጣ ቀን ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፉ ሰፊ ዕቃ ውስጥ በወንፊት ተከድኖ አድሮ ይሰጣት። በርሜልና ሮቶ ሁልጊዜ ክዳን ይኑራቸው፤ የጠማት ግልገል ጠርዝ ላይ ወጥታ ትገባለች፣ መውጣት ግን አትችልም።

ድመቷ የሱቅ ወይም የእህል መጋዘን አይጥ ጠባቂ ከሆነች ይህን ልብ ይበሉ፦ ቅዳሜ ማታ የተቆለፈ በር ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ከ36 ሰዓት በላይ ነው፣ በቆርቆሮ ሥር። ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚይዙ፣ የማይገለበጡ ሁለት ከባድ ሳህኖች በሁለት ማእዘን ይቀመጡ፣ ከጣራው ሥር የአየር መግቢያ ይኑር። «ከራባት ነው የምታድነው» የሚባለው ልክ አይደለም፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች፣ የጠማት ግን ትተኛለች።

ቤት ውስጥ ማከም የሚቻለው መቼ ነው?

ያደገች ከሆነች፣ ንቁ ከሆነች፣ ድዷ ለጠፍ ከማለቱ በቀር ሌላ ምልክት ከሌላት፣ ሽንት እየሸናች ከሆነ፣ ትውከቷም ከአንድ ሁለት ጊዜ ካላለፈ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ።

መጀመሪያ ለብ ያለ መረቅ ያቅርቡላት። በራሷ ከላሰች ከሁሉ የተሻለ ነው። እምቢ ካለች ከፋርማሲ ያልጣፈጠና ቀለም የሌለው ኦ.አር.ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ይግዙ። ለ1 ሊትር የተባለውን ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥብጡ። ግማሽ ከረጢት በዓይን መጠን አይሞክሩ፤ የወፈረ ብጥብጥ ጨዋማነቱ ውኃውን ከሰውነቷ ወደ አንጀት ይስባል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ድመቷን እንደ ሕፃን በፎጣ ይጠቅልሏት፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። በደረቷ ወይም ተቀምጣ ትሁን፣ በጀርባዋ ፈጽሞ አያስተኟት። የስሪንጁን ጫፍ ከክራንቻዋ በስተኋላ ባለው ክፍተት ከጎን ያስገቡ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይልቀቁ፣ ስትውጥ ይጠብቁ፣ ይድገሙ። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አቅንቶ ማፍሰስ ፈሳሹን ወደ ሳንባዋ ይልከዋል፤ ብዙ ድመት ከጥማት ሳይሆን ከዚህ የተነሣ በሳንባ ምች ትሞታለች። በ15 ደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ በሰዓት 20 ማለት ነው። ካስመለሰች አንድ ሰዓት አሳርፈው በግማሽ መጠን ይጀምሩ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ድዷ ካልረጠበ ወይም እንደገና ካስመለሰች የቤት ሕክምና አበቃ።

ለትኩሳት ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ድመትን ይገድላል፤ የግማሽ ኪኒን እንኳን ለሞት ይበቃታል። አይቡፕሮፌንም፣ ዳይክሎፌናክም አይሰጥም።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም

ቆዳዋ ቆሞ ከቀረ፣ ዓይኗ ከገባ፣ መቆም ካቃታት፣ በግማሽ ቀን ሦስት ጊዜ ካስመለሰች፣ ደም ከታየ፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ ወይም ከስድስት ወር በታች ያለች ግልገል ተቅማጥ ከያዛት አይጠብቁ።

ወንድ ድመት ልዩ ነው። አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሲጮህ፣ ብልቱን ሲልስ ሽንት ግን ጠብታ ብቻ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል። ብዙዎች ሆድ ድርቀት መስሏቸው ዘይት ያጠጡታል። ውኃም በግድ አይስጡት፤ መውጫ የለውም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፖታሲየም በደሙ ተጠራቅሞ ልቡን ያቆመዋል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

በባጃጅ ሲወስዷት ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ ከታች ርጥብ ፎጣ ይበቃል። በጆንያ አስሮ መውሰድ መንገድ ላይ ያፍናታል። የእንስሳት ሐኪም ቁጥር ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይኑር፤ በከተሞቻችን አብዛኛው አገልግሎት ለከብትና ለዶሮ የተዘጋጀ ስለሆነ ድመት እንደሚያክሙ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

ለሐኪሙ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ደብተርዎ ነው። «በፊት 4 ኪሎ ነበረች፣ ዛሬ 3 ኪሎ ከ700» ማለት 300 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደጎደላት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ስንት ጊዜ እንዳስመለሰች፣ መጨረሻ የሸናችበትን ሰዓትና የሰጧትን ነገር ሁሉ ይንገሩ። ሽንት መመርመር የሚቻል ከሆነ ፈሳሽ ከመሰጠቱ በፊት እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ ኩላሊቷ ሽንት ማወፈር መቻሉ የሚታየው ያኔ ነው፣ ፈሳሽ ከገባ በኋላ ይቀጥናል።

ሐኪሙ ሪንገር ላክቴት የተባለ ጨዋማ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ሊሰጣት ይችላል፤ ለ4 ኪሎ ድመት በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር የተለመደ ነው። ትከሻዋ ላይ እብጠት ይሠራል፣ ወደ ፊት እግሯም ሊወርድ ይችላል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። በጣም የተጎዳችው ግን በደም ሥር ነው የሚሰጣት። ሰው «ግሉኮስ» እያለ የሚጠራውን ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከፋርማሲ ገዝቶ በቤት ከቆዳዋ ሥር መውጋት ጉዳት አለው፤ ጨው ስለሌለው መጀመሪያ ከሰውነቷ ጨው ወደ ራሱ ይስባል፣ ቦታውም ሊመግል ይችላል።

ያረጀች ድመት ውኃ መውደድ ስትጀምር

ዕድሜዋ ከሰባት ዓመት ያለፈ ድመት ድንገት ሳህን መጨረስ፣ ከባልዲ መጠጣት፣ አሸዋውን በሰፊው ማርጠብ ከጀመረች የቤት ሰው «ጎሽ፣ መጠጣት ለመደች» ይላል። ብዙ ጊዜ ኩላሊቷ ውኃ መያዝ አቅቶት እያፈሰሰው ነው፣ እሷም የምትጠጣው የፈሰሰውን ለመተካት ነው። የስኳር በሽታም እንዲሁ ያደርጋል። በሁለቱ ሳህን ዘዴ ሦስት ቀን ይለኩ። ለኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ማለትም ባለ 4 ኪሎዋ በቀን ከ400 በላይ ከጠጣች፣ በሽታ አለ። ርጥብ ምግብ እየበላች ከ200 በላይ ብትጠጣም ማስመርመር ተገቢ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የአሸዋው እርጥበት በዛ ተብሎ ውኃ አይቀነስባትም፤ ሳህኖቿ ማታም ሙሉ ይደሩ።